ከመጽሔቱ የተቀዳው ፕሮግራም

አይናዲስ ኦክላንድ ከተማ የአዋቂዎች ትምህርት ቤት ገብታ የእንግሊዝኛ ፊደል መለየት ጀምራለች። ባሏ ሳን ሆዜ ከተማ ካለ አሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛው ኮምፒውተር የመጣው ከ1981 መጽሔት ጋር ነው፤ እጇን ለማፍታታት እዚያ ላይ የታተመውን ፕሮግራም ትርጉሙን ሳታውቅ ኮምፒውተሩ ላይ እየጻፈች ትቀዳለች።

«አንድ ፊደል ከሳትሽ አይሠራም፣ ማሚ» አለቻት የሰባት ዓመቷ ልጇ ምሥጢር።

«እሺ የኔ መምህር። አንቺ ብቻ ሹራብሽን ልበሺ፤ ሳልሽ ይብስብሻል።»

ገጹ መጨረሻ ስትደርስ እጇ ቆመ። ከሁሉ አስቀድማ መጻፍ የተማረችው ቃል እዚያ ታትሟል፤ የልጇ ስም። ከስሙ ጎን ልጅቷ የተወለደችበት ቀን አለ፤ ቀጥሎ የዛሬው፣ 10/16/93።

«ዋይ ዲድ ዩ ስቶፕ?» አለች ምሥጢር እያሳለች።

አይናዲስ መጽሔቱን ዘግታ ተቀመጠችበት፤ እጆቿንም ብብቷ ውስጥ ወሸቀች። ስክሪኑ ላይ የልጇ ስም ፊደል በፊደል ይጻፍ ጀመር።