ሽታ የማያሳልፈው ክዳን

የፓተንት ወኪሉ ቢሮ ገና ከደረጃው ይሸታል። ልጅቷ አፍንጫዋን በሻርቧ ይዛ ወጣች። አባቷ ግን ምንም አልመሰለው፤ ሠላሳ ዓመት የሰው ፍሳሽ ሲጠርግ የኖረ ቧንቧ ሠራተኛ ነው።

ሰፈሩ «ጋሼ ቱቦ» ይለዋል። ሲያገኙት ይስቁለታል፣ ሲያልፍ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ይህ ሰው በስተርጅና ከቆርቆሮና ከብስክሌት ጎማ ካላማዳሪያ ለፍሳሽ ጉድጓድ የሚሆን ክዳን ሠራ። ውሃ ሲመጣ ይከፈታል፣ ውሃው ሲያልፍ ግጥም ብሎ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ሽታም አይወጣ፣ በረሮም አይወጣ። አሁን የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ፈጣሪ» ከሚለው ቃል ጎን ስሙ የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት። መስታወት ውስጥ አስገብቶ ሊሰቅለው ነው። ከስሙ በቀር ማንበብ አይችልም፣ ግን ስሙን ሲያይ ያውቀዋል።

ወኪሉ ሰርዲን እየበላ ተቀበላቸው። የሰውን ፈጠራ በወጉ ጽፎ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ማቅረብ ነው ሥራው። ጥፍሩ ጥቁር፣ ከንፈሩ ዘይት በዘይት። ክዳኑን በዚያው ጣቱ አገላበጠው፣ አሸተተው፣ ጆሮው አጠገብ አንኳኳው። ልጅቷን አንገሸገሻት።

«ለማን አሳያችሁ?»

«ከእሷ በቀር ለማንም፣ ጌታው።»

«ለማንም እንዳታሳዩ። ለጎረቤት የለ፣ ለዘመድ የለ። እኔ በቃ እስክላችሁ አፋችሁን ዝጉ። ይሄ እዚሁ ይቆይ። ሌላ አለዎት?»

«አንድ ሌላ አምሳያው አለ፣ ቤት ነው።»

«ሣጥን ውስጥ ይቆልፉበት። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል!» ብሎ ሳቀ። ፍርፋሪው ጠረጴዛው ላይ ተረጨ።

ሲወጡ አባቷ በሩ አጠገብ ከተለጠፈ ማስታወቂያ ፊት ቆመ። ወረቀቱ ወይቧል፣ ዝንቦች ለዓመታት ተጸዳድተውበታል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው የሚባል። ምን ይላል ልጄ? ቀለም የቀመስሽው አንቺ ነሽ።»

እውነቱን ነው፤ አንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። ጠጋ ብላ ጀመረች። አንደኛው ስለ ቢሮ ሰዓት፣ ሁለተኛው ስለ ቀጠሮ ነው። ሦስተኛው ላይ የሞተች ዝንብ ተጣብቃለች። ፊቷን አዞረች።

«የቢሮ ወግ ነው አባዬ፣ ምንም የለበትም። እንሂድ።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወሬ ልትጠይቅ ብቻዋን መጣች። የሚገርመው፣ ደረጃው አይሸትም። ምክንያቱን ያወቀችው እጇን ልትታጠብ ስትገባ ነው። የአባቷ ክዳን የወኪሉ መታጠቢያ ቤት ጉድጓድ ላይ ጉብ ብሏል።

ዓይኑን በጨው ያጠበ! የኛን ላብ ለራሱ ሽንት ቤት!

ቢሮው ስትገባ ጠረጴዛው ላይ የክዳኑ ሥዕል ያለበት የማመልከቻ ቅጽ ተዘርግቷል። ወኪሉ የተገመሰ ዳቦውን አስቀምጦበታል፤ ከዳቦው ሥር የሚታየው የመጨረሻው መስመር ብቻ ነው። እዚያ ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈው የወኪሉ የራሱ ስም ነበር። ዓይኗን ሲያይ ቅጹን ገለበጠው።

«ያላለቀ ነገር አይታይም» አለና አውራ ጣቱን ላሰ። «አባትሽ ሐሙስ ጠዋት ይምጡ። ይፈርማሉ።»

ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል አለች በሆዷ።

«ሰውየው ዝም በሉ ብሎናል» አለ አባቷ ስትነግረው።

«ታዲያ ሌባ ምን ይላል? ጩኹ ይላል? ለራሱ ስም ሊያደርገው ነው፣ በዓይኔ አየሁ እኮ! አገር ያየውን ግን ማን ይሰርቀዋል?»

አባቷ የሣጥኑን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጥቂት አገላበጠው።

«መቼም አንቺ ታውቂያለሽ» አለና ሰጣት።

ረቡዕ ረፋድ ላይ የአውቶቡስ መናኸሪያው ሽንት ቤት ደጃፍ ሰው ተሰበሰበ። ከዚያ የባሰ ቦታ ከተማው ውስጥ የለም፤ ወለሉ ያዳልጣል፣ በረሮው በቀን ይንሸራሸራል። ልጅቷ የከተማውን ጋዜጠኛም ጠርታለች። አባቷ ተንበርክኮ ክዳኑን ገጠመ፣ ውሃ ለቀቀ፣ ቆመ። ሰዉ ጠበቀ። ከዚያ አንዲት አሮጊት ከአፍንጫዋ ላይ እጇን አነሣች። ሌላውም አነሣ። አንድ ሹፌር መጥቶ የአባቷን እርጥብ እጅ ሳይጸየፍ ጨበጠ። ጋሼ ቱቦ አለቀሰ፣ ፎቶውንም እንዲያ እያለቀሰ ተነሣ።

ሐሙስ ጠዋት ልጅቷ አባቷን አስከትላ ገባችና ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«እስቲ አሁን ስረቁት!»

ወኪሉ ያን ቀን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ቅጹን ዶሴ ውስጥ አስገብቶ በብብቱ ይዟል፤ ለመውጣት የተነሣ ይመስላል። ጋዜጣውን ቆሞ አነበበ። የፎቶውን ቀን ሁለት ጊዜ አየ። ከዚያ ተቀመጠ፣ ዶሴውን ከፈተና ቅጹን በዝግታ ወደ እነሱ ገፋው።

አባቷ ከላይኛው መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ይኸው ስሜ!» አለ ፊቱ በርቶ። «ልጄ፣ ይኸው ስሜ እኮ ነው!»

ልጅቷ አጎንብሳ አየች። «ፈጣሪ» ይላል፣ ቀጥሎ የአባቷ ሙሉ ስም። መሐል ላይ፦ «በወኪሉ ቢሮ ለሃያ ቀን በዝግ ተፈትኖ ሠርቷል።» መጨረሻው መስመር ላይ፦ «ወኪል»፣ የሰውየው ስም።

ወኪሉ ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ፣ ያንን የቆሸሸ መሐረቡን አወጣ፣ እንትፍ አለበትና ማስታወቂያውን ጠረገው። ዝንቧ ወደቀች።

«አንብቢላቸው» አላት።

«3ኛ፦ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ሕዝብ ያየው ፈጠራ የፓተንት መብት አያገኝም።»