ተልባ የገባበት ሊጥ

«ኧረ በሥላሴ! ይኼማ ንፍጥ ነው፣ ልጄ!» አለች ውባለም፣ ሁለት እጇን እስከ አንጓዋ ሊጡ ውስጥ እንደ ነከረች።

ከጤፍ ዱቄት፣ ከተቀቀለ ድንችና ከተወቀጠ ተልባ የተቦካ ነው። እንደ ዳቦ ሊጥ አልሰበሰብ ይላል። ሲጫኑት በጣት መሀል ይሾልካል፤ እጅ ሲያነሡ እየተዝለገለገ ይከተላል።

ልጇ ፍቅር ስልኳን ከሽንኩርቱ ሰሐን ጋር አስደግፋ፣ አንዲት ሴት ፒዛ ስትጋግር እያየች ቲማቲም ትከትፋለች። «ስንዴ ስለሌለበት እኮ ነው። ተልባው ነው የሚያያይዘው። አትጠየፊው እንጂ፣ እማዬ፣ እሽት አርጊው።»

«ተልባ በጾም ይጠጣል። ማን ሊጥ አድርጎት ያውቃል?»

ሐኪሙ ስንዴና ገብስ በፍቅር አፍ እንዳይዞር ከከለከለ ዓመት አልፏል። ለጋይንት ሰው ይኼ ግማሽ ማዕዱ ተነሣ ማለት ነው። አምና ውባለም «ትንሽ በሶ ምን ያደርጋታል» ብላ ሁለት ጭብጥ አጎረሰቻት። ልጅቱ ስምንት ቀን አንጀቷን ይዛ ተኛች፤ ፈተና አመለጣት፤ ክፍል ደገመች። ዘንድሮም ፈተናው ሰኞ ነው። ጓደኞቿ ንፋስ መውጫ ካፌ ገብተው ፒዛ ሲበሉ ውኃ ይዛ ማየት ሰልችቷት፣ ዛሬ ራሷ ልትሠራ ተነሣች።

ቺዙማ ከባሕር ዳር በሚኒባስ ሲንገላታ የመጣ ነው። ፌስታሉ ሲፈታ ዝናብ የመታው ካልሲ ሸተተ።

ሊጡ ውባለም ጥፍር ሥር ገባ። ቀለበቷ ውስጥ ተሰገሰገ። ፍቅር ፍሙን ልታራግብ ዞር ስትል የውባለም እጅ ሳታዘው ሄደ፤ ከጀርባዋ ካለው ባልዲ ዱቄት ዘገን አደረገ፣ መዳፍ ለመዳፍ ፈተገ፣ የተጣበቀውን አራገፈ። ሠላሳ ዓመት ያቦካ እጅ ነው፤ ሊጥ ሲጣበቅበት የሚያደርገውን አደረገ። የረገፈው ሁሉ ተመልሶ ቡሃቃው ውስጥ ገባ።

ከዚያ ባልዲውን አየችው። የስንዴው ባልዲ ነው።

«አየሽ? ተሰበሰበልሽ!» አለች ፍቅር፣ ቡሃቃውን ከፊቷ ወስዳ። ሊጡን ቅባት በተቀባ ድስት ላይ ዘረጋችው፤ ቲማቲሙን፣ ቺዙን ደረደረችበት፤ ከደነችና ክዳኑ ላይ ፍም አኖረች። እየሠራች ታንጎራጉራለች። ውባለም «ልጄ» ልትል ከንፈሯን አላቀቀች፤ በሶው ትዝ አላትና መልሳ ገጠመችው።

ክዳኑ ሲነሣ ቺዙ እንደ በሰለ እባጭ ቢጫ ሆኖ ይፈነዳል። ፍቅር ቆረሰች፤ እፍ እፍ አለችበት፤ አፏን ከፈተች።

«አትቅመሽው!» ውባለም እጇን ያዘቻት። «ስንዴ ነክቶታል። እኔ ነኝ።»

ልጅቱ ቁራሹን እንደ ያዘች ቀረች።

«እያወቅሽ ነው?»

«እጄ ነው፣ የኔ እናት። ሳላውቀው ነው። ከዚያ ግን አፈርሁ።»

«ብውጠውስ ኖሮ?»

ውባለም ድስቱን በጨርቅ ይዛ ብድግ አለች። «ለውሻው ልስጠው።»

«ለውሻ?» የፍቅር ዓይን እንባ ሞልቷል። «እህል አይደፋም እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽ? ያንቺ አንጀት ስንዴ ይችላል። ብዪው።»

«ይኼን ሁሉ?»

«ሁሉንም። ወደዚያ በሩ ጋ ተቀመጪና ብዪ። እጅሽን ወደዚህ እንዳታስጠጊ።»

ፍቅር እስከ ክርኗ ታጠበች። ሌላ ሰሐን አወጣች፤ የቀረውን የጤፍ ዱቄት፣ ድንቹን፣ ተልባውን አንድ ላይ ገለበጠችና ብቻዋን ማሸት ጀመረች።

ውባለም በሩ ጋ ተቀምጣ ገመጠች። ላዩ ላንቃ ያቃጥላል፤ ሥሩ አልበሰለም፣ ያዳልጣል። ትናጋዋ ላይ ተለጥፎ አልወርድ አላት። በምላሷ ገፋችው፤ ሸተታት፤ ዓይኗን ጨፍና ዋጠችው፤ እንባዋ መጣ።

«እህሳ፣» አለች ፍቅር፣ ቀና ሳትል። «ጣፈጠሽ?»

«ያስጠላል።»

ፍቅር ሳቋ አመለጣት። ንፍጥ በመሰለው ሊጥ በተለወሰ እጇ አፏን ልትሸፍን ሞከረችና ጉንጯን ለቀለቀችው፤ ያን ጊዜ ሳቁ ባሰባት።

ውባለም እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ሌላ ቁራሽ አነሣች።