ያለፈው ዙር መልስ

«ጽፌ ጨርሻለሁ» የሚለው የዲስኩ መልስ ስክሪኑ ላይ ብቅ እንዳለ ኪርሲ የዲስኩን ኤሌክትሪክ ነቀለችው። መልሳ ስትሰካው የላከችው የሕመምተኛ ራጅ ውስጡ የለም።

«አየህ? ያንተ ዲስክ ውሸታም ነው!» አለች። ዲስኩን የሠራው ኡርሆ አጠገቧ ተቀምጦ የአጃ ዳቦውን ያኝካል። «‹አይዋሽም› ልትለኝ ነው፤ አውቃለሁ» ብላ ቀጠለች። ኦውሉ ከተማ ውስጥ አብረው በሠሩበት ዘመን ሁሉ የኡርሆን መልስ የምትመልስለት እሷ ነበረች።

ኡርሆ ስክሪኑ ላይ ከመልሱ ጎን የቀረችውን አንዲት ቁጥር በጣቱ ነካ። ዲስኩ መልሶቹን ኮምፒውተሩ ውስጥ በተደረደሩ ቦታዎች ላይ በተራ ይጽፋል፤ ቦታው ሲያልቅ ከመጀመሪያው ይጀምርና በአሮጌው ላይ ይደርባል። አዲሱ ከአሮጌው እንዲለይ በየዙሩ ያቺን ቁጥር ይቀይራታል፤ አንዴ ዜሮ፣ አንዴ አንድ። ኪርሲ ጎንበስ ብላ አየች። በዚህ ዙር አንድ መሆን ሲገባት ዜሮ ናት። ዲስኩ ገና ምንም አላለም ነበር፤ ያለፈውን ዙር «ጨርሻለሁ» አንብቦ ያመነው እሷ የጻፈችው ፕሮግራም ነው።

«ለካ ፕሮግራሜ መልሱን ሳይጠብቅ ነው የሚቀጥለው!» ብላ በመገረም ሳቀች። «የዲስክህን ስም አጠፋሁ። ተቀየምከኝ?»

ኡርሆ ማኘኩን አላቆመም። «አይ፣ አንተማ አትቀየምም» ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። እስኪውጥ ጠበቀችው።