ቅቤ የገባበት የጾም ምሳ

ሱሺላ የመጨረሻውን ባዶ ድስት ከአልጋው ራስጌ ለሚንጠባጠበው ውሃ ደቀነችለት። በረዶው ቆርቆሮውን ለጉድ ይደበድበዋል። ሳፋውም፣ ባልዲውም፣ ጎድጓዳ ሳህኑም ተይዘዋል፤ ባሏ ከህንድ ይዞት የመጣው የፀሐይ ባርኔጣ ሳይቀር ተገልብጦ በሩ ሥር ውሃ ይቀበላል። ፀሐይ በጠፋበት ክረምት ለባርኔጣው ሥራ ተገኘለት ብላ ብቻዋን ሳቀች።

የካ ስትከርም ይህ ሁለተኛዋ ነው። የሚያፈስ ቤት ውስጥ ካልሳቁ እንደማይዘለቅ ካለፈው ዓመት ተምራለች። ዛሬ ግን ሳቋ ቶሎ ቶሎ ያልቅባታል።

ባሏ ራጋቫን የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ አማርኛም ከእሷ የተሻለ ይችላል። ጠዋት ሻይ ቅጠል ሊገዛ ወጥቶ ሲመለስ ጅረቱ ሞልቶ ከማዶ ቀረ። በመስኮቱ ይታያታል። ባሕር ዛፍ ሥር ተጠግቶ፣ ዋናው ነገር የሻዩ መትረፍ የሆነ ይመስል፣ የሻይ ቅጠሉን ከፍ አድርጎ ያሳያታል።

ለምሳ የጠሩት የቤቱን ባለቤት ወይዘሮ ወርቅአየሁን ነበር። ምሳው እንኳ ሰበብ ነው። ሱሺላ ወሯ ገብቷል፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። እናቷ ያለችው ህንድ ነው፤ ከዚያ እዚህ የሚደረሰው በመርከብ እስከ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲም በባቡር ነው። ምጡ ሲመጣ ወይዘሮ ወርቅአየሁ አብረዋት እንዲሆኑ ሊለምን የነበረው ራጋቫን ነው። አሁን ልመናው በእሷ ላይ ወደቀ። መውለዱን አልፈራችም፤ ብቻዋን መውለድን ግን ፈርታለች።

“ቤቶች!” አሉ ወይዘሮ ወርቅአየሁ ከደጅ። ቅዳሴ አስቀድሰው እየተመለሱ ነው፤ ነጠላቸው ርሷል።

“ይግቡ፣ እትዬ። በዚያ በኩል አይርገጡ፣ ድስት አለ። በዚህም በኩል አይርገጡ።”

ወይዘሮዋ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በድስቶቹ መሀል ተረማመዱና ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

“ኧረ በሚካኤል! እንዲህ ነው እንዴ የሚያፈሰው? ባለቤቱ ምን ይጠብቃል የማያስጠግነው?”

“ባለቤቱ እርስዎ ነዎት፣ እትዬ።”

ወይዘሮ ወርቅአየሁ ጣሪያውን ደግመው አዩ። ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ሱሺላም ደፈር አለችና ምሳውን አቀረበች።

ፍልሰታ መሆኑን ታውቃለች። ስለ ጾም ደግሞ እሷን የሚያስተምራት ያለ አይመስላትም፤ በእነሱ ቤት ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሥጋ የቀመሰ የለም። ምስሩን፣ ድንቹን፣ ሩዙን ተጠንቅቃ ሠርታለች።

“ሁሉም የጾም ነው” አለች ኮራ ብላ። “ሥጋ የለም። እንቁላል የለም።”

ወይዘሮ ወርቅአየሁ አማትበው እጃቸውን ወደ ሳህኑ ሰደዱ፤ ሳይደርሱም አቆሙት።

“ምን አድርገሽበት ነው እንዲህ የሚያውደው?”

“ቅቤ! ቅቤ ሻጯ ጂቱ ከእንጦጦ በኩል ያመጣችልኝ። ራሴ ነው ያነጠርኩት። ምስሩ ውስጥ አለ፣ ድንቹ ውስጥ አለ። ጣፋጩ ደግሞ በወተት ነው።”

ወይዘሮዋ እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ።

“ልጄ፣ ቅቤም ወተትም ከላም ነው። ላሟ ደግሞ ፍልሰታ እስኪፈታ እኛ ዘንድ የለችም።”

ሱሺላ ሳህኖቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ቅቤ ወይም ወተት ያልነካው አልነበረም። በዚህ መሀል ከጣሪያው አንዲት ጠብታ ወርዳ ምስሩ መሀል ጠብ አለች።

“እንግዲህ ከዚህ ቤት የጾም የሆነው ውሃው ብቻ ነው” አለች።

ወይዘሮ ወርቅአየሁ እንደገና ሳቁ። ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ቆሎ ፈትተው ግማሹን በእጇ ላይ አፈሰሱላት። “እንኪ፣ አንቺም እህል አልቀመስሽም። በሁለት ነፍስ እንዲህ አይዋልም።”

ቆሎውን እየቆረጠሙ ትንሽ ቆዩ። ሱሺላ ልመናዋን ከየት እንደምትጀምር ስታወጣ ስታወርድ ወይዘሮዋ ቀደሟት።

“ለመሆኑ የት ልትወልጂ አስበሻል?”

“እዚሁ።”

“ከየትኛው ድስት ጎን?”

ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ የመጣባት ግን ልቅሶ ነው። ከጠዋት ጀምሮ በሳቅ ስትሸፍነው የዋለችው ሁሉ ወጣ።

“እናቴ የለችም፣ እትዬ። በእኛ አገር የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። እኔ እናት ቤት የለኝም። ምጡ ሲመጣ እርስዎ እዚህ እንዲመጡልኝ ልለምንዎት ነበር። ምሳው ለዚያ ነበር፤ እሱም ተበላሸ።”

“በእናንተም አገር እንዲህ ነው?”

“እንዲህ ነው።”

“ታዲያ እኔ እዚህ ምን ልሠራ እመጣለሁ?”

ሱሺላ ቀጥ አለች። እንባዋን እንኳ አልጠረገችም።

ወይዘሮ ወርቅአየሁ ተነሡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ወደ አልጋው ሄደው ፍራሹን ከነአንሶላው ይጠቀልሉት ጀመር።

“የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው ብለሽ የለም? ተነሺ እንጂ። ድስቶቹን ባልሽ ሲሻገር ይጠብቃቸው።”

በረዶው አባርቷል። ወይዘሮ ወርቅአየሁ ፍራሹን ራሳቸው ላይ አድርገው፣ ጭቃውን እየመረጡ፣ ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ቤታቸው አመሩ። ትከተላቸው እንደሆነ ለማየት አንዴም ዞር አላሉም።