በጎን ሳለኝ

ሹሙ ያዘዘኝ ሥዕል ወታደሮቻችን ጅቡቲ ወደብ ላይ መርከብ ተሳፍረው ወደ ኮሪያ ሲዘምቱ የሚያሳይ ነበር። በየቀኑ እየመጣ ከጀርባዬ ይቆማል። ሽቶው ከቀለሙ ሽታ ይብሳል።

«ይሄኛው ምን ሆኖ ነው ያጎነበሰው?»

«ባሕር አይቶ አያውቅም፣ ጌታዬ። እያስመለሰው ነው።»

«አጥፋው። የሚያለቅሱትን እናቶችም አጥፋቸው።»

አጠፋኋቸው።

በመጨረሻ ራሱን ከመርከቡ መሰላል ሥር ቆሞ ሲሸኛቸው አድርጌ እንድስለው አዘዘኝ። ያን ጊዜ እሱ ወደቡ ይቅርና አዋሽን እንኳ አልተሻገረም ነበር።

«በጎን ሳለኝ» አለ አፍንጫውን ቀና አድርጎ፤ «ሳንቲም ላይ እንዳለው ምስል። ግርማ ይሰጣል።»

እጄ ቆመ። ሥዕል የተማርኩት ደብር ውስጥ፣ ከአባቴ ነው፤ እዚያ ጻድቅ ሁሉ በሁለት ዓይን ነው የሚሳለው።

«በጎን ከሆነ አንድ ዓይንዎ ብቻ ነው የሚታየው» አልኩት።

«ያልኩህን አድርግ።»

አደረግሁ።

ሥዕሉ የተመረቀ ዕለት ልጃቸው ከኮሪያ ያልተመለሰላቸው እማማ ስንቅነሽ ተጋብዘው መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ቀረቡና ሁለት ሁለት ዓይን ያላቸውን ወታደሮች፣ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ሥዕል፣ አንድ በአንድ ተሳለሟቸው። ሹሙ አጠገባቸው ቆሞ ፈገግ እንዳለ ተራውን ይጠብቃል።

መሰላሉ ሥር ሲደርሱ ከንፈራቸውን መለሱ። አማተቡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሰይጣኑን ደግሞ ምነው ክራቫት አሰርክለት?»