የበለስ እሾህ

የደም ሥርን የሚያስቆጣው ኢንዛይም በመርፌ ጸጥ ከተደረገ ወዲህ፣ ድሬዳዋ ውስጥ በልብ ሕመም የሚሞት ሰው ብርቅ ሆኗል። ቁስል የሚያሽረውም እሱው ነበርና፣ ዛሬ ትንሽ ጭረት እንኳ ወራት ይፈጃል። በየቤቱም ቢላዋ የለም።

የሰማንያ ሦስት ዓመቱ አቶ ድልነሳ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ውድነሽ «በለስ አማረኝ» ሲሉ ሰምተው ከግቢው ቀጠፉላቸው። እሾሁ አውራ ጣታቸውን ወጋቸው።

«ወይኔ! ጣቱ አራት ወር ታሽጎ ሊቀመጥ ነው!» አሉ ወይዘሮ ውድነሽ ደንግጠው።

«አባቴ በሃምሳ ዓመቱ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። እኔ በሰማንያ ሦስት ዓመቴ ስለ እሾህ አዝናለሁ? ታድዬ! ግን እስኪድን ማን ያጎርሰኛል?»

ወይዘሮ ውድነሽ ጣቱን በጨርቅ ጠቀለሉላቸው። በለሱን በማንኪያ ፈልቅቀው፣ እየሳቁ የመጀመሪያውን አጎረሷቸው።