መጀመሪያ አባት ይፈጠራል

ፕሮግራመሩ ከምሳ በፊት አንድ አጭር ኮድ ጻፈ። «አባት» የሚል ክላስ፣ ማለትም የነገር ንድፍ፣ አለ፤ «ልጅ» የሚለው ክላስ ደግሞ ከሱ ይወርሳል። ልጅ በተፈጠረ ቁጥር መጀመሪያ የአባትየው ኮንስትራክተር፣ ማለትም የመፍጠሪያው ትእዛዝ፣ ይሠራል፣ ከዚያ የራሱ። ሕጉ ይኸው ነው። ሁለቱም «ተፈጠረ» ብለው እንዲጽፉ አዘዘና አስነሳው።

ስክሪኑ ላይ ሦስት መስመር ወጣ።

«አያት፦ ወንድሙን በመጥረቢያ ገደለ።
አባት፦ የሚስቱን መንጋጋ ሰበረ።
ልጅ፦»

«አያት» የሚባል ክላስ አልጻፈም። ሟች አባቱ የእናቱን መንጋጋ መስበሩን ደግሞ እዚህ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚያውቅ ሰው የለም።

«አንቺ ነሽ የቀለድሽብኝ?» አላት ከጎኑ የምትሠራውን ባልደረባውን።

«በምን?» ብላ ወንበሯን ወደሱ ጎተተች። «እኔ ኮድህን መች ነካሁ!»

እናቱ ጋ ደወለ። «እማዬ፣ አያቴ ወንድም ነበረው እንዴ?»

እናቱ «ማን ነገረህ?» አለችው።

ስልኩን ዘጋው። ኮዱን በሙሉ አጥፍቶ ባዶውን ፋይል አስነሳ። መስመሮቹ እንደገና ወጡ፤ ሦስተኛው አሁን ሙሉ ነበር።

«ልጅ፦ የባልደረባውን አንገት በመቀስ ወጋ።»

እፎይ አለ፤ ሳቁም መጣ። «ይኸው፣ ውሸት ነው! እኔ እንኳን ሰው፣ ዝንብ ገድዬ አላውቅም» እያለ ወደሷ ዞረ።

ወለሉ ላይ ተቀምጣ አንገቷን በሁለት እጇ ይዛለች። ደሙ በጣቶቿ መሀል ይወርዳል።

«ምን አድርጌህ ነው?» አለችው።